ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ፦ የሕሙማን እንክብካቤ ተማሪ

በሆስፒታሎች የሕሙማንን እንክብካቤ ለማሻሻል የሚደረግ ጥናት አብዛኛውን ጊዜ ከመጠይቅና ከሕክምና መዝገብ ይነሣል። ይሁን እንጂ የአንድን ሰው ሕይወት በጥሞና መመርመርም ለጥያቄው ብርሃን ይሰጣል። ይህ አጭር ጽሑፍ የልዕልት ፀሐይን የሕይወት ታሪክ ይዳስሳል፤ ከታሪኩ የሚገኘውንም ትምህርት በአርሲ ደጋ ከሚኖሩ የጢቾ እናቶች ጉዳይ ጋር ያገናዝባል።

ልዕልት ፀሐይ ጥቅምት 2 ቀን 1912 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው ያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ተፈሪ መኰንን፣ ኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ እናታቸውም እቴጌ መነን አስፋው ናቸው። በ1928 ዓ.ም. ኢጣሊያ አገሪቱን በወረረች ጊዜ ልዕልቲቱ ከእናታቸው ጎን ቆመው ለቁስለኞች የሚሆን ፋሻና ልብስ ከሚያዘጋጁት የመዲናዪቱ ሴቶች ጋር ሠሩ። በዚያው ዓመት ቤተሰቡ ተሰድዶ በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ተቀመጠ።

ስደት ለብዙዎች የመጠበቂያ ዘመን ነበር፤ ለልዕልት ፀሐይ ግን የትምህርት ዘመን ሆነ። በለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው ነርስነትን ተማሩ። ይህ ሆስፒታል በ1852 እ.ኤ.አ. በ10 አልጋዎች የተቋቋመ፣ ኋላም በሕፃናት ሕክምና ስሙ የታወቀ ተቋም ነው። የነርስነት ትምህርት ከሕመምተኛው አልጋ አጠገብ የሚቀሰም እንጂ በመጻሕፍት ብቻ የሚፈጸም አልነበረም። ተማሪዋ ትኩሳት መለካት፣ ቁስል ማጠብ፣ የሕፃኑን አመጋገብ መከታተል፣ ሌሊቱን ነቅታ የሁኔታውን መለዋወጥ መመዝገብ ይጠበቅባታል። የንጉሠ ነገሥት ልጅ ይህን ሥራ መምረጧ፣ የማስታመም ተግባር እንደ ዝቅተኛ አገልግሎት በሚታይበት ዘመን ትልቅ ትርጉም ነበረው። ልዕልቲቱ በ1931 ዓ.ም. ትምህርታቸውን ፈጽመው የነርስነት ማዕረግ አገኙ፤ ከዚያም በዚያው በለንደን በጋይስ ሆስፒታል ሥልጠናቸውን ቀጠሉ።

ነፃነት ከተመለሰ በኋላ ወደ አገራቸው ገብተው በደሴ ሆስፒታል አገለገሉ። በሚያዝያ 1934 ዓ.ም. ኋላ ሌተና ጄኔራል የሆኑትን አብይ አበበን አግብተው፣ ባለቤታቸው ገዥ ሆነው ወደተሾሙባት ወለጋ ሄዱ። ነገር ግን ከጋብቻው አራት ወር ሳይሞላ፣ ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር በነቀምቴ አረፉ። ዕድሜያቸው ገና 22 ዓመት ነበር። አስከሬናቸው በአዲስ አበባ በበአታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።

እዚህ ላይ ተመራማሪው ቆም ብሎ ሊያስብ ይገባል። ሟቿ የንጉሠ ነገሥት ልጅና የአገር ገዥ ሚስት ነበሩ፤ በዘመኑ ጥቂት ኢትዮጵያውያን ብቻ የነበራቸውን የነርስነት ዕውቀትም ይዘው ነበር። ማዕረግም ሆነ የግል ዕውቀት ከሞት አላዳናቸውም። እንግዲህ የሕሙማን እንክብካቤ የአንድ ሰው ችሎታ ወይም ሀብት ሳይሆን፣ በሚፈለግበት ቦታና ሰዓት የሚደርስ የሥርዐት ጉዳይ ነው ማለት ይቻላል።

ከሞታቸው በኋላ የተሠራው ሥራ ይህንኑ ያጠናክራል። የኢትዮጵያ ወዳጅ የነበሩት እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት በአገራቸው ገንዘብ አሰባስበው በልዕልቲቱ ስም መታሰቢያ ሆስፒታል እንዲቆም ብዙ ደከሙ። ሆስፒታሉ በ1951 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ ነርሶችንም አሠለጠነ። በ1959 እ.ኤ.አ. ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን ወደዚሁ ሆስፒታል የመጡት የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለማቋቋም ነበር። በዚያም በተራዘመ ምጥ ሳቢያ ፊስቱላ የደረሰባቸውን እናቶች አገኙ፤ ከዚህም ተነሥተው በ1974 እ.ኤ.አ. የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን መሠረቱ። የልዕልት ፀሐይ ሆስፒታልም ከአብዮቱ በኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተባለ። በእርግዝና ምክንያት ያለፈች አንዲት ነርስ መታሰቢያ፣ ለሌሎች እናቶች የመዳን መንገድ ጠረገ።

ይህ ታሪክ ለአርሲ ደጋ ምን ይነግራል? ሰሪን ታዴየስና ዲቦራ ሜን በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት የእናቶችን ሞት የሚያባብሱትን መዘግየቶች በሦስት ከፍለዋቸዋል፦ ሕክምና ለመፈለግ መወሰን፣ ወደ ሕክምና ተቋም መድረስ፣ ከደረሱ በኋላም ተገቢውን ሕክምና ማግኘት ናቸው። ከጢቾ ተነሥታ ከጭላሎ ተራራ ማዶ ወዳለው የአሰላ ሪፈራል ሆስፒታል የምትላክ ነፍሰ ጡር ሦስቱንም ማለፍ አለባት። የሆስፒታሉን ክፍል ብቻ የሚመረምር ጥናት የሚያየው ሦስተኛውን መዘግየት ነው፤ በመንገድ ያለፈችው እናት በመዝገቡ አትገኝም።

ስለዚህ በዚህ ርእስ የሚሠሩ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ሦስት ሰዓቶችን አብረው ቢመዘግቡ ይጠቅማል፦ ቤተሰቡ ለመሄድ የወሰነበትን፣ እናቲቱ ከሆስፒታል የደረሰችበትንና የመጀመሪያው ሕክምና የተሰጠበትን። የላኪው ጤና ጣቢያ ማስታወሻ ለተቀባዩ አዋላጅ ነርስ በወቅቱ መድረሱም ሊጠና ይገባዋል። መንገዷ ሩቅ የሆነ እናት የመውለጃዋ ቀን ሲቃረብ በእናቶች ማቆያ ብትቆይ፣ ሁለተኛው መዘግየት ምጥ ሳይጀምር ሊቀረፍ ይችላል። ልዕልት ፀሐይ በለንደን የተማሩት ሕመምተኛን ሳያቋርጡ መከታተል ነበር፤ ያ ክትትል ከሆስፒታሉ በር አልፎ እስከ ጢቾ እናት ደጃፍ ሲዘረጋ እንክብካቤው ተሻሻለ ሊባል ይችላል።