ከወሊሶ በጭነት መኪና ተደብቆ የወጣው ልጅ፦ ጥላሁን ገሠሠን ከ30 ሰከንድ በላይ እንስማው

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ይዤላችሁ መጥቻለሁ። ቪዲዮ አይደለም፣ ዳታ አይበላም። ቡናችሁን ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ከመቱ ተነስቶ በጅማ በኩል አዲስ አበባ የሄደ ሰው መንገዱን በደንብ ያውቀዋል። በደሌ፣ አጋሮ፣ ጅማ፣ ወልቂጤ፣ ከዚያ ወሊሶ። ወሊሶ ስንደርስ አብዛኞቻችን ደክሞን አንገታችንን መስኮት ላይ ጥለን ተኝተናል። ቀጥሎ ቱሉ ቦሎ ይመጣል፣ እሷንም አናያትም። ግን የዛሬ 70 ዓመት ገደማ በዚሁ መንገድ ላይ አንድ ልጅ በእግሩ ሄዷል። ያን ጊዜ ተይዞ ተመለሰ። በሌላ ጊዜ ደግሞ ዕቃ የጫነ መኪና ላይ ተደብቆ አዲስ አበባ ገባ። ያ ልጅ ጥላሁን ገሠሠ ነው።

አዎ፣ ያ ቲክቶክ ላይ 30 ሰከንድ ድምፁን እየቆረጣችሁ ሶር ፏፏቴ ጋ የተቀረጻችሁትን ቪዲዮ የምታጅቡበት ሰውዬ።

እኔ ጥላሁንን ያወቅኩት በሞቱ ነው። በ2001 ዓ.ም ገና ልጅ ነበርኩ። በፋሲካ ማግስት ሰፈራችን ውስጥ ሬዲዮ ከፍ ብሎ ተከፍቶ ትልልቅ ሰዎች ዝም ብለው ቆመው አስታውሳለሁ። የበዓል ዶሮ ገና አላለቀም፣ ቤቱ ግን የለቅሶ ቤት መስሏል። ዘመዳችን የሞተ ነበር የመሰለኝ። ከዚያ በኋላ ነው አንድ ዘፋኝ እንደሆነ የተነገረኝ፣ ያኔም አልገባኝም። ለዘፋኝ እንዲህ ይለቀሳል እንዴ?

ይሄን ጥያቄ ለመመለስ ነው ታሪኩን ከሥሩ የምንሄድበት።

ልጁና አያቱ

ጥላሁን የተወለደው መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም አዲስ አበባ ነው። የመስቀል ዕለት ማለት ነው። አባቱ ገሠሠ ወልደ ኪዳን፣ እናቱ ጌጤ ጉርሙ ይባላሉ። ያደገው ግን ወሊሶ፣ አያቱ ቤት ነው። የተማረው ራስ ጎበና ትምህርት ቤት ሲሆን፣ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ከሱዳን የመጡ ሸዳድ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ልጁ ማንጎራጎር እንደሚወድ አይተው በሙዚቃው እንዲገፋ ያበረታቱት እሳቸው ናቸው። እስቲ አስቡት፣ በዚያ ዘመን ዘፈን የሚወድ ተማሪን ከመቅጣት ይልቅ ያበረታታ ዳይሬክተር!

አንድ ቀን የሀገር ፍቅር ተዋንያን ትምህርት ቤቱ መጥተው ትርኢት አሳዩ። ከመካከላቸው እዮኤል ዮሐንስና ንጋቷ ከልካይ ነበሩ። ልጁ እዮኤልን ጠጋ ብሎ አናገረው፣ አዲስ አበባ እንዲመጣም ተመከረ። በቃ፣ ከዚያ በኋላ ወሊሶ ጠበበችው።

አያቱ ግን ይሄን ነገር አልወደዱትም። የትኛው አያት ነው የሚወደው? ዛሬም እኛ ሰፈር አንድ ልጅ ትምህርት ትቼ ሙዚቃ እሠራለሁ ቢል ቤቱ የሚነሳውን ጭቅጭቅ ታውቁታላችሁ። አያቱ ልጁን ከሐሳቡ ለማራቅ አምቦ ዘመድ ጋ ላኩት። አንድ ሌሊት አድሮ ጠፍቶ ወደ ወሊሶ ተመለሰ። አያቱን ፊት ለፊት ለማየት ስላልፈለገ ወሊሶም አንድ ቀን ብቻ አድሮ ብቻውን በእግሩ ወደ አዲስ አበባ ጀመረው። ቱሉ ቦሎ ላይ ዘመድ ቤት አረፈ፣ ለአያቱ ተነገረ፣ ተመለሰ። በመጨረሻ ነው ያ የጭነት መኪና የመጣው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ አውቶቡሱ ቱሉ ቦሎ ሲደርስ ነቃ በሉ። ያ ልጅ እዚያ ተስፋ ቆርጦ ቢቀር ኖሮ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ሌላ ይሆን ነበር።

የክብር ዘበኛው ኮከብ

አዲስ አበባ እንደገባ መጀመሪያ ሀገር ፍቅር ተቀጠረ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ወደ ክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ተዛወረ። ይሄ ባንድ ምን እንደነበር ካልገባችሁ ሌላው ታሪክ አይገባችሁም። ያኔ የግል ባንድ ገና አልተለመደም። ትልልቆቹ ኦርኬስትራዎች የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊት፣ የፖሊስ፣ የመንግሥት ቴአትር ቤት ነበሩ። ዘፋኙም ሙዚቀኛውም የመንግሥት ደመወዝተኛ ነው። ትራምፔቱ፣ ሳክስፎኑ፣ ልምምዱ ሁሉ በወታደር ሥርዓት ነው የሚሄደው።

ክብር ዘበኛ ውስጥ ብዙነሽ በቀለ ነበረች፣ እንደ ሣህሌ ደጋጎ ያሉ የዜማ ሰዎች ነበሩ። ኋላ ላይ ማህሙድ አህመድም ተቀላቀለ። ማህሙድ አሪዞና በሚባል የምሽት ክለብ ተላላኪ ሆኖ ሲሠራ ነው የክብር ዘበኛ ሙዚቀኞችን እያየ፣ እየሰማ ያደገው። አንድ ማታ ዘፋኝ ሲቀር ልዝፈን ብሎ ወጣና በዚያው ቀረ። እንዲህ ያለ ዘመን ነበር። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ግን ከፊት የቆመው ጥላሁን ነው።

ከዚያ ታኅሣሥ 1953 መጣ። ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚል በጉብኝት ላይ ሳሉ የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሸፈ። ክብር ዘበኛ የሆነ ሁሉ ተጠረጠረ፣ ጥላሁንም ታሰረ። መሣሪያ ያልያዘ፣ ማይክ የያዘ የ20 ዓመት ልጅ!

በዚሁ ግርግር ነው አልቻልኩም የሚለው ዘፈኑ ሌላ ትርጉም የተሰጠው። ላይ ላዩን የፍቅር ዘፈን ነው፣ ናፍቆት ያቃጠለው ሰው ምሬት። ሰዎች ግን በአገዛዙ መማረርን ሰሙበት። ዘፈኑ ታገደ። ያው እንደምታውቁት የአማርኛ ዘፈን ሰምና ወርቅ አለው፤ ዘፋኙ ወርቁን ባያስቀምጥበት እንኳ ሰሚው ራሱ ቆፍሮ ያወጣል።

ከእስር ወጥቶ ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሄደ፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር። እዚያም ንጉሠ ነገሥቱ ፊት ቆሞ ዘፈነ። የታሰረበት መንግሥት መሪ ፊት! ንጉሡም ተሰጥኦውን እንዳያባክን መከሩት ይባላል።

ሸክላው ዘመን

አሁን ወደ አልበም ጉዳይ እንግባ። ውጭ አገር ያሉ ወጣቶች የድሮ የሮክ አልበሞችን እንደገና እያወጡ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሰማሉ፣ ይከራከራሉ። የቢትልስን አቢ ሮድ፣ የሌድ ዘፕሊንን የመጀመሪያ አልበም። ሁለቱም የወጡት እ.ኤ.አ. በ1969 ነው።

በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ምን ሆነ? አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት አምሃ ሪከርድስን ከፈተ። ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሃ ግን ደፍሮ አሳተመ። በ1969 እና በ1975 መካከል ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላዎችና 12 ትልልቅ አልበሞች አወጣ። የኢትዮጵያ ኤልቪስ የተባለው ዓለማየሁ እሸቴም በዚህ በር ነው የወጣው። ስለዚህ እነሱ ሮክ ሲሉ እኛ ዝም ብለን አልተቀመጥንም። የራሳችን ነበረን።

ልዩነቱ ምንድነው? የእኛ አብዛኛው ዘፈን የወጣው በትንሹ ሸክላ ነው፤ ከፊት አንድ ዘፈን፣ ከጀርባ አንድ ዘፈን። ከዚያ ደርግ መጣ፣ ሰዓት እላፊ ታወጀ፣ የምሽት ሙዚቃ ተዳፈነ፣ ሸክላው ቆሞ ካሴት ተተካ። ካሴቱም ተገለበጠ፣ ከተገለበጠው ደግሞ ሌላ ተገለበጠ። እኛ ጋ የደረሰው ሜሞሪ ካርድ የሚጭኑ ሱቆች ውስጥ ነው፤ ርዕስ የሌለው፣ ዓመት የሌለው፣ ሙዚቀኛው ማን እንደሆነ የማይታወቅ ፋይል። እኔ ራሴ ስልኬ ላይ ትራክ 07 የሚል ዘፈን ለዓመታት ስሰማ ኖሬ የጥላሁን እንደሆነ ያወቅኩት በኋላ ነው።

ኢትዮጲክስ የተባለው የፈረንሳዮች ተከታታይ 17ኛውን ሲዲ ለጥላሁን ብቻ ሰጥቶታል። የድሮ ቅጂዎቹን ንጹሕ አድርጎ ለመስማት ጥሩ መግቢያ ነው።

የእኔ ምርጫ፣ ካልተስማማችሁ ንገሩኝ

አንደኛ አልቻልኩም። በኢርፎን ስሙት፣ በስልክ ስፒከር አይሆንም። ነፋስ መሣሪያዎቹ ከኋላ እንደ ወታደር ተሰልፈው ይሄዳሉ፣ ድምፁ ግን ሰልፉን ጥሶ ይወጣል። ለእኔ ከየትኛውም የሮክ ዘፈን በላይ አመፅ ያለው እሱ ውስጥ ነው፣ አንድም ጊታር ሳይጮህ።

ሁለተኛ ኩሉን ማን ኳለሽ። ሠርግ ላይ ሺ ጊዜ ስለሰማነው አናዳምጠውም። የሕዝብ ዘፈን ነው፣ እሱ ግን ሳይቸኩል ቃሉን አንድ በአንድ ያስቀምጠዋል።

ሦስተኛ አካም ነጉማ ፈዩማ። እኛ ኢሉባቦሮች ይሄን መዝለል አንችልም። ወሊሶ ያደገ ልጅ ስለሆነ ኦሮምኛው ከአፉ ሲወጣ የተሸመደደ አይመስልም፣ የቤት ቋንቋ ነው። መቱ ቡና ቤት ውስጥ ይሄ ሲከፈት ኦሮምኛ ተናጋሪውም አማርኛ ተናጋሪውም አብሮ ሲያዜም አይቻለሁ። ቋንቋ ላይ ስንጨቃጨቅ የምንውል ትውልድ ለዚህ ዘፈን አምስት ደቂቃ ብንሰጥ አይጎዳንም።

አራተኛ ዋይ ዋይ ሲሉ። ስለ ረሃብ ነው። ብቻዬን ሆኜ ስሰማው መጨረስ ያቅተኛል።

አሁን ደግሞ የማልወደውን ልናገር፣ እንዳትሳደቡ። የኋለኛው ዘመን የኪቦርድ ሥራዎች ላይ ድምፁ ያው ነው፣ አጃቢው ግን አይመጥነውም። ሙሉ ኦርኬስትራ የለመደ ድምፅ በአንድ ኪቦርድ ሲታጀብ፣ ትልቅ ዛፍ ጣሳ ውስጥ የተተከለ ይመስለኛል። አንዳንዶቻችሁ በካሴቶቹ ስላደጋችሁ ትከራከሩኝ ይሆናል፣ እሺ።

ዋጋው

በ1985 ዓ.ም ጥላሁን ቤቱ ውስጥ አንገቱ ላይ በስለት ክፉኛ ተጎዳ። ስለ ጉዳዩ ብዙ ተወራ፣ እውነቱ ግን ለሕዝብ ግልጽ ሳይሆን ቀረ። የዘፋኝ ጉሮሮ! ተርፎ ተመልሶ ዘፈነ። ቆይቶ ደግሞ የስኳር በሽታ ጸናበት፣ አንድ እግሩ ተቆረጠ። በልጅነቱ ከወሊሶ ቱሉ ቦሎ የተጓዘበት እግር ነው። ከዚያም በኋላ መዝፈን አልተወም።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጠው። ትምህርት ጥሎ ለጠፋው ልጅ! አያቱ ቢያዩ ምን ይሉ ነበር እያልኩ አስባለሁ።

ከአሜሪካ በተመለሰ በአጭር ጊዜ ውስጥ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም፣ በፋሲካ ዕለት፣ አዲስ አበባ ውስጥ አረፈ። 68 ዓመቱ ነበር። በመንግሥት ደረጃ በተዘጋጀ ሥርዓት፣ እጅግ ብዙ ሕዝብ እያለቀሰ፣ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ።

አሁን የልጅነት ጥያቄዬን መመለስ እችላለሁ። ለዘፋኝ እንዲህ ይለቀሳል? ሦስት መንግሥት እስኪለዋወጥ ድረስ ያልተለወጠ ነገር ለሰው ብርቅ ነው። የንጉሡ ሰዎችም፣ ደርጎችም፣ ከዚያ የመጡትም፣ የታሰሩትም ያሳሰሩትም ማታ ቤታቸው ገብተው የሚሰሙት ያንኑ ድምፅ ነበር። እሱ ሲሞት እያንዳንዱ ሰው ያለቀሰው ለራሱ ዘመን ጭምር ይመስለኛል።

እኛስ? እኛ ጋ የቀረው 30 ሰከንድ ነው። ሪሚክስ አትሥሩ አልልም፣ እኔም እሠራለሁ። ግን አያቶቻችሁና ወላጆቻችሁ ገና በሕይወት አሉ። ዛሬ ማታ አንዱን ዘፈን ሙሉውን ክፈቱላቸውና የት ሆነው መጀመሪያ እንደሰሙት ጠይቋቸው። ሜሞሪ ካርዱ ላይ የጠፋው ርዕስ፣ ዓመትና ሰው እነሱ ጋ አለ። እነሱ ካለፉ ግን ሁሉም ትራክ 07 ሆኖ ይቀራል።

የሚነግሯችሁን ጻፉልኝ። ከመቱ፣ ከጎሬ፣ ከበደሌ፣ ከያዮ፣ ከየትም ይሁን። ጥሩ ጥሩውን ሰብስቤ በሌላ ቀን ይዤላችሁ እመጣለሁ። የእናንተ አንደኛ የጥላሁን ዘፈን የትኛው ነው?