ሜልቪል ዱዊ እና በመጽሐፍ ጀርባ ላይ የሚጻፈው ቁጥር

በአንድ ትምህርት ቤት መጽሐፍ አለ ማለትና ተማሪው መጽሐፉን ያገኘዋል ማለት አንድ ነገር አይደለም። መጻሕፍት በቁመታቸው ወይም በልባሳቸው ቀለም ሲደረደሩ፥ አለዚያም እንደ መጡበት ቀን ሲከመሩ፥ የእያንዳንዱን ስፍራ የሚያውቀው ቁልፉን የያዘው ሰው ብቻ ይሆናል፤ እርሱ በቀረበት ቀን ቤተ መጻሕፍቱም አብሮ ይዘጋል። በአገራችን ገዳማትና አድባራት ብራናው በማኅደሩ ሆኖ በዕቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሲንጠለጠል፥ የቱ መጽሐፍ በየትኛው ኩላብ ላይ እንዳለ ጠባቂው በቃሉ ያውቀው ነበር። መጻሕፍቱ በቍጥር የተወሰኑ፥ አንባቢዎቹም የታወቁ ስለ ነበሩ ይህ ልማድ በቂ ነበር። ሦስት መቶ ተማሪ በዕረፍት ሰዓት ለሚጎርፍበት ክፍል ግን አይበቃም። ይህን ችግር በወጣትነቱ አይቶ፥ እስከ ዛሬ የምንሠራበትን መፍትሔ የቀየሰው አሜሪካዊው ሜልቪል ዱዊ ነው። ታሪኩን ለመምህራን ማቅረቤ ሰውየው ነቀፋ የሌለበት ስለ ነበረ አይደለም፤ ሥራው በየትምህርት ቤታችን መደርደሪያ ላይ ስለ ተቀመጠ ነው።

ዱዊ በዲሴምበር 10 ቀን 1851 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በኒው ዮርክ ግዛት አዳምስ ሴንተር በምትባል አነስተኛ መንደር ተወለደ። አባቱ ጫማ ሰፊና ባለ ሱቅ ነበረ። ልጁ የአሥራ ስድስት ዓመት ወጣት ሳለ፥ በ1868 በሚማርበት ትምህርት ቤት እሳት ተነሣ። ዱዊ መጻሕፍቱን በእቅፉ እየተሸከመ ከቃጠሎው ሲያወጣ ብዙ ጢስ ስለ ዋጠ ጽኑ ሳል ያዘው፤ ዕድሜውም አጭር እንደሚሆን ተነገረው። ከዚያ ወዲህ ጊዜ ማባከንን እንደ ኀጢአት ይቆጥረው ጀመር። የእንግሊዝኛ አጻጻፍ እንዲያጥር፥ የሜትር መለኪያም እንዲስፋፋ ዕድሜውን በሙሉ ደከመ፤ ከገዛ ስሙ መጨረሻ እንኳ የማያስፈልጉ መስለው የታዩትን ሁለት ፊደላት ቆርጦ ጣለ። ይህ ጠባይ በጓደኞቹ ዘንድ ያስቅ የነበረ ይመስለኛል፤ ነገር ግን ትልቁ ሥራው የተወለደው ከዚሁ ጠባይ ነው።

በ1870 አምኸርስት ኮሌጅ ገባ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ወጪውን ለመደጎም በኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ተቀጠረ። በዚያን ጊዜ በብዙ ቤተ መጻሕፍት የነበረው ልማድ ለመጽሐፉ የመደርደሪያውን አድራሻ መስጠት ነበር፤ ይኸውም ይህን ያህለኛው ቁም ሣጥን፥ ይህን ያህለኛው እርከን፥ ከግራ ይህን ያህለኛው መጽሐፍ ማለት ነው። መደርደሪያው በሞላ ጊዜ፥ ወይም ቤቱ ወደ ሌላ ሕንጻ በተዛወረ ጊዜ፥ የመጻሕፍቱ ሁሉ ቁጥር ተፍቆ እንደ ገና መጻፍ ነበረበት። ወጣቱ ዱዊ ይህን ባየ ጊዜ ስለ ባከነው ጉልበት ተቈጣ። ሌሎች ቤተ መጻሕፍትን እየዞረ ጎበኘ፤ የሚያነበውንም ሁሉ አነበበ። መፍትሔው የታየው በአንድ እሑድ ረጅም ስብከት ተቀምጦ ሲሰማ እንደ ነበረ በሸመገለ ጊዜ ተርኳል፤ በ1873 ዕቅዱን ለኮሌጁ አቀረበ።

ሐሳቡ ይህ ነው፦ ቁጥሩ የመደርደሪያው ሳይሆን የመጽሐፉ ይሁን፤ የሚያመለክተውም መጽሐፉ የሚናገርለትን ነገር ይሁን። መላው ዕውቀት በአሥር ታላላቅ ክፍሎች፥ እያንዳንዱም ክፍል በአሥር፥ እንደ ገናም በአሥር ይከፈላል፤ ስለዚህ በሦስት አኃዝ አንድ ሺህ ስፍራ ይገኛል። ከዚያ በላይ መዘርዘር ለሚሻ፥ ነጥብ አስቀምጦ አኃዝ መጨመር ነው። 500 የተፈጥሮ ሳይንስ ነው፤ በውስጡ 510 ሒሳብ፥ 513 ደግሞ የቁጥር ስሌት ነው። 600 ሰው ለኑሮው የሚጠቀምበት ጥበብ ሲሆን፥ 630 እርሻ፥ 633.73 ቡና ይሆናል። አዲስ መጽሐፍ ሲመጣ በወገኖቹ መካከል ይገባል፤ ጎረቤቶቹ ትንሽ ይገፋሉ እንጂ ቁጥራቸው አይለወጥም።

የክፍሎቹን ቅደም ተከተል ግን ዱዊ ከራሱ አላመነጨውም። በሴንት ሉዊስ ከተማ የትምህርት ቤቶች የበላይ ኃላፊ የነበረው ዊልያም ቶሪ ሃሪስ በ1870 ለከተማው የሕዝብ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ካወጣው ድልድል ብዙ ወስዷል። ዓለም የተቀበለው አደራደር ሥሩ የትምህርት ቤት ሰው ሥራ መሆኑን ማስታወስ ለማኅበራችን ደስ የሚያሰኝ ነው።

በ1876 ድልድሉ የደራሲው ስም በርእሱ ገጽ ላይ ሳይወጣ በአንድ ሺህ ቅጂ ታተመ። መጽሐፉ ባለ 44 ገጽ ነበረ፤ የክፍሎቹ ሰንጠረዥ 12 ገጽ ሲይዝ፥ በፊደል ተራ የተዘረዘረው የቃላት ማውጫ 18 ገጽ ይዟል። በእኔ አስተያየት የሥራው ብልኀት ከሁሉ ይልቅ ያለው በዚህ ማውጫ ነው። አሥሩን ክፍሎች በወረቀት ገልብጦ ግድግዳ ላይ የለጠፈ መምህር ግማሹን ሥራ ትቶታል፤ ተማሪው ንብ የሚለውን ቃል ከማውጫው ፈልጎ ቁጥሩን ካላገኘ፥ 638 የንብ እርባታ እንደ ሆነ በምን ያውቃል?

በዚያው ዓመት ዱዊ የአሜሪካን የቤተ መጻሕፍት ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ሆነ። በ1883 የኮሎምቢያ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆኖ ተሾመ፤ በ1887 ደግሞ የመጀመሪያውን የቤተ መጻሕፍት ሙያ ትምህርት ቤት ከፈተ። ከ20ዎቹ ተማሪዎች 17ቱ ሴቶች ነበሩ። ኮሌጁ ሴቶችን አይቀበልም ነበርና የአስተዳደሩ ቦርድ የመማሪያ ክፍል ከለከለው፤ እርሱም ባዶ የዕቃ ማከማቻ አስጠርጎ ማስተማር ጀመረ። ጠቡ ስላልበረደ በ1889 ወደ ኦልባኒ ሄዶ የኒው ዮርክ ግዛት ቤተ መጻሕፍት ዲሬክተር ሆነ፤ ትምህርት ቤቱም ተከተለው። ከ1893 ጀምሮም መቶ መቶ መጻሕፍት በሣጥን እየታሸጉ ቤተ መጻሕፍት ወደሌላቸው ትንንሽ ከተሞች እንዲዞሩ አደረገ።

ቀሪው ታሪክ ያሳፍራል፤ መደበቁ ግን ለአስተማሪ አይገባም። በ1895 በሌክ ፕላሲድ ያቋቋመው የመዝናኛ ክበብ አይሁድንና ጥቁሮችን አያስገባም ነበር። የአይሁድ መሪዎች በ1905 ለግዛቱ የትምህርት ቦርድ አቤት ስላሉ ተገሥጾ ሥራውን ለቀቀ። ሴቶችን አላግባብ በመድፈሩም ሴት ባልደረቦቹ ከስሰውት፥ በ1906 ከማኅበሩ ዋና ተግባር ራቀ። ለሴቶች የሙያ በር የከፈተውና ሴቶችን ያስከፋው አንድ ሰው ነው። ዱዊ በዲሴምበር 26 ቀን 1931 በፍሎሪዳ ሞተ፤ ማኅበሩ በ2019 በስሙ ይጠራ ከነበረው ሜዳሊያ ላይ ስሙን ፋቀ።

አድልዎው በሰውየው ብቻ አልቀረም፤ በቁጥሮቹም ውስጥ ገብቷል። ስለ ሃይማኖት ከተመደበው ከ200 በታች፥ ከ220 እስከ 280 ያለው ሁሉ ለክርስትና ተሰጥቶ፥ የቀሩት የዓለም ሃይማኖቶች በ290 ተጨናንቀዋል። የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ 820 ተብሎ በሦስት አኃዝ ሲጠራ፥ የአማርኛው 892.87 ነው። ከመጻሕፍቱ እኩሌታው በአማርኛ በሆነበት ትምህርት ቤት ይህ እንግዳ አደራደር ነው።

ሌሎች ለዚህ ያደረጉትን ብናይ፥ ጃፓኖች በ1929 የአሥሮሹን ዘዴ ይዘው ክፍሎቹን ለራሳቸው አስተካከሉ። የዱዊ ሰንጠረዥም በኋለኞቹ እትሞች ለአገር ቋንቋ ቅድሚያ መስጠት ለሚሻ ቤት መንገድ ትቷል፤ ቋንቋውን በ410፥ ሥነ ጽሑፉን በ810 ማስቀመጥ ይቻላል። ጥቂት መቶ መጻሕፍት ላለው ትምህርት ቤት ሦስት አኃዝና ከሥሩ የደራሲው ስም መነሻ ፊደል ይበቃሉ፤ የአማርኛው መጻሕፍት በሀሁ ተራ ይሰለፋሉ። የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ነው። ነጥብ ያለው ቁጥር ሲመጣ 633.73 ከ633.8 እንደሚቀድም የሒሳብ መምህሩ በመደርደሪያው ፊት ቢያስረዳ፥ ተማሪው ስለ አሥሮሽ ከጥቁር ሰሌዳው ይልቅ ይማራል። በየእርከኑ ጫፍ ሲሶ ያህል ስፍራ ባዶ ይተው፤ መጻሕፍቱ ይገፋፋሉና። አማርኛው በ810 ወይስ በ892.87 እንዲሆን የተወሰነውም በአንድ ወረቀት ተጽፎ በቁም ሣጥኑ በር ውስጠኛ ገጽ ይለጠፍ፤ በሚመጣው ዓመት የሚተካው መምህር ከዚያ ያነበዋል።