የወባን ተውሳክ መጀመሪያ ያየው ሐኪም

አልፎንስ ላቬራን እ.ኤ.አ. በ1845 ፈረንሳይ አገር፣ ፓሪስ ተወለደ። አባቱ የጦር ሠራዊት ሐኪም ነበሩ፤ እሱም እንደ አባቱ ሆነ።

ወደ አልጄሪያ ሲላክ ብዙ ወታደሮች በወባ ይታመሙ ነበር። ያኔ ሰው ወባ ከረግረግ በሚነሳ መጥፎ አየር ይመጣል ብሎ ያምን ነበር። ላቬራን ግን የታማሚዎቹን ደም በማይክሮስኮፕ ማየት ጀመረ። በ1880 አንድ ቀን በአንድ ወታደር ደም ውስጥ ክር የመሰለ ነገር ሲወራጭ አየ። ሕይወት ያለው ተውሳክ ነበር! እንደ ማጭድ የጎበጡም አይቷል። ብዙ ሐኪሞች አላመኑትም፤ እሱ ግን ሥራውን አልተወም። በ1907 የኖቤል ሽልማት አገኘ። የገንዘቡን ግማሽ ለምርምር ላቦራቶሪ ሰጠ። በ1922 ሞተ።

እነዚያ ማጭድ የሚመስሉት ናቸው ትንኟ ስትነክሰን ከእኛ ወስዳ ወባን ለሌላ ሰው የምታሻግረው። ከብዙ ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች ቡርኪና ፋሶ ውስጥ አንድ ነገር አገኙ። ከወላጆቻችን የምንወርሰው የሂሞግሎቢን ዓይነት ተውሳኩ ወደ ትንኝ በመተላለፉ ላይ ለውጥ ያመጣል። ደግሞ ሰው ምንም ሳያመው ተውሳኩን በደሙ ሊይዝ ይችላል።

ስለዚህ ጓደኞቼ፣ ደህና ነኝ ብላችሁ አጎበሩን እንዳትተዉት!