ፍሪድሪክ ዩሊየስ ቢበር

ፍሪድሪክ ዩሊየስ ቢበር (ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1873 – ማርች 3 ቀን 1924 እ.ኤ.አ.) ስለ ከፋ መንግሥት በሰበሰበው ጽሑፍ፣ ዕቃና ፎቶግራፍ የሚታወቅ የኦስትሪያ ተጓዥ ነበር። ተወልዶ የሞተው በቪየና ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አልተማረም፤ ስለ አፍሪካ በራሱ ጥረት ያጠና የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጉዞዎቹ

ቢበር ወደ ኢትዮጵያ በ1904፣ በ1905 እና በ1909 መጥቷል። በሁለተኛው ጊዜ የመጣው ሉድቪግ ፎን ሆኽነል ከመራው የኦስትሪያ-ሀንጋሪ መልእክት ጋር ሲሆን፣ መልእክቱ በማርች 1905 ከዳግማዊ አጼ ምኒልክ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋውሏል። ከዚያ በኋላ ቢበር ወደ ከፋ ወረደ። በ1909 ደግሞ ከባሮን ፎን ሚሊዩስ ጋር ሆኖ ከቀይ ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ በከፋ በኩል እስከ ሱዳን ዘለቀ።

ወደ ከፋ የሚወስደው የነጋዴዎች መንገድ በጅማ ያልፍ ነበር። የዛሬውም መንገድ ከጅማ በሸቤ አድርጎ ጎጀብን ከተሻገረ በኋላ ቦንጋ ይደርሳል። በቢበር ዘመን ግን በወንዙ ወዲህና ወዲያ ያለው ኑሮ በጣም የተለያየ ነበር። ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ እየገበሩ ጅማን በሰላም ሲያስተዳድሩ፣ እስከ መጨረሻው የተዋጋው ከፋ በ1897 በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ተሸንፎ ንጉሡ ጋኪ ሸሮቾ ተማረኩ። ብዙ ሕዝብ አለቀ፣ ብዙውም በባርነት ተወሰደ። ስለዚህ ቢበር በ1905 ያገኘው መንግሥቱን ሳይሆን ከመንግሥቱ የተረፉትን ሰዎች ነው። ፎቶግራፎቹን ለሚያይ ሰው ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ በሥዕሉ ላይ የሚታየው ድህነት የከፋ የቆየ ኑሮ ሊመስለው ይችላልና።

ሥራው

በዚያ ዘመን ወደ አፍሪካ የሚጓዙ ብዙ አውሮፓውያን ለቤተሰብ አልበም የሚያነሡት ድንኳናቸውን፣ በቅሎዎቻቸውንና አድነው የገደሉትን አውሬ ነበር። አብረዋቸው የተነሡት አገልጋዮችና ጓዝ ተሸካሚዎች ስማቸው ሳይጻፍ ይቀር ነበር። ቢበርም አውሮፓዊ ተጓዥ እንደ መሆኑ ከዘመኑ አስተሳሰብ ነፃ አልነበረም። ነገር ግን ስለ ቤት አሠራር፣ ስለ እርሻ፣ ስለ እምነት፣ ስለ ቤተ መንግሥት ሥርዓትና ስለ ቋንቋው ሰዎችን እየጠየቀ መዝግቧል። ስለ ከፋ በጀርመንኛ የጻፈው መጽሐፍ አንደኛው ክፍል በ1920፣ ሁለተኛው በ1923 ታተመ። ይህም ከመሞቱ አንድ ዓመት አስቀድሞ ነው።

ከሞተ በኋላ ልጁ ኦቶ ቢበር የአባቱን ማስታወሻዎች መሠረት አድርጎ ስለ ከፋ ሌላ መጽሐፍ በ1948 አሳትሟል። ቢበር ከሰበሰባቸው የከፋ ዕቃዎች ብዙዎቹ ዛሬም በቪየና ይገኛሉ።