ቬርነር ላምበርትስና የኢትዮጵያ ቡና

ምሥራቅ ጀርመን የምትባለው ሪፐብሊክ ከዓለም ካርታ ላይ ከጠፋች ብዙ ዓመት አልፏል። ያችን አገር የሚያስታውሱ ጀርመኖች ግን ዛሬም አንድ ጥያቄ ያነሣሉ፤ ይኸውም እገሌ በሕይወት ቢቆይ ኖሮ አገሪቱ ሌላ መልክ ይኖራት ነበር ወይ የሚል ነው። በዚህ ጥያቄ ውስጥ ስሙ ደጋግሞ የሚነሣው ሰው ቬርነር ላምበርትስ ነው። እኛ ስለዚህ ሰው ለመጻፍ የተነሣነው በጀርመኖች ምኞት ለመካፈል አይደለም። ሰውየው ያችን ያልተፈጠረች ሪፐብሊክ ለመምራት ዕድል ባያገኝም፥ በአገራችን ላይ በአንድ ዓመት ውስጥ የሠራው ሥራ አለ። ስለዚህ ምን ዓይነት መሪ ይወጣው እንደ ነበረ ከበርሊን ይልቅ ከአዲስ አበባ ሆኖ መመልከት ይሻላል ብለን እናምናለን።

ላምበርትስ ሚያዝያ 6 ቀን 1921 ዓ.ም. በምዕራብ ጀርመን በኩል፥ በራይን ወንዝ አገር፥ ማየን በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ኮሙኒስት ስለ ነበሩ ናዚዎች በቡኸንቫልድ የማጎሪያ ሠፈር አሠሯቸው። ልጁ ግን በዚያው ዘመን ናዚዎች የነገ ሹማምንታቸውን ለማሳደግ ባቋቋሙትና በራሱ በሂትለር ስም በሰየሙት ትምህርት ቤት ይማር ነበር። አባት እስረኛ፥ ልጅ የአሳሪዎቹ ደቀ መዝሙር! ከጦርነቱ በኋላ ልጁ ወደ አባቱ እምነት ተመለሰና በአሥራ ስምንት ዓመቱ ገደማ የሶሻሊስቱ ፓርቲ አባል ሆነ። በሞስኮ በወጣቶች ማኅበር ትምህርት ቤት ተማረ፤ በቡዳፔስትም በዓለም ዴሞክራቲክ ወጣቶች ፌዴሬሽን አገሩን ወክሎ ሠራ። የውጭ ቋንቋ ይችላል፥ ከሰው ጋር መነጋገር ያውቃል። በ1963 ዓ.ም. የፖሊት ቢሮ ሙሉ አባል ሲሆን ዕድሜው 42 ብቻ ነበር፤ በሽማግሌዎች መካከል የተቀመጠ ጎልማሳ መሆኑ ነው።

የሥራ ድርሻው ቅስቀሳ ነበር። በተራ አነጋገር ጋዜጣውና ቴሌቪዥኑ ምን እንደሚል የሚያዝ ሰው ነበር ማለት ነው። በኅዳር 1969 ዓ.ም. መንግሥት ቮልፍ ቢርማን የተባለውን ባለቅኔና ዘፋኝ ዜግነቱን ገፎ ወደ አገሩ እንዳይመለስ ከለከለው። ደራስያንና ተዋንያን ተቃውሟቸውን ባሰሙ ጊዜ ላምበርትስ ማንፍሬድ ክሩግ ከተባለው ተዋናይ ቤት ድረስ ሄዶ ከነሱ ጋር ረጅም ሰዓት ተከራከረ። ክሩግ ክርክሩን በምስጢር በቴፕ ቀድቶት ኖሮ ከሃያ ዓመት በኋላ በመጽሐፍ አወጣው። የላምበርትስ ወዳጆች ይህን የትዕግሥቱ ምስክር ያደርጉታል። ከባላንጣው ጋር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጡስ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ቢርማን ወደ አገሩ አልተመለሰም።

አሁን ወደ ቡናው እንምጣ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በብራዚል ኃይለኛ ውርጭ ወርዶ የቡናውን ተክል ስለ ፈጀው የዓለም ዋጋ እጅግ ናረ። ምሥራቅ ጀርመን ዶላር የሚያጥራት አገር ስለ ነበረች፥ በ1969 ዓ.ም. ክረምት ከመቶው 51 እጅ ብቻ ቡና የሆነ፥ የቀረው አጃ፥ ገብስ፥ አተርና የመሳሰለው የተቀላቀለበት ዱቄት ለሕዝቡ ቀረበ። የአተሩ ዱቄት በየምግብ ቤቱ የቡና ማፍያውን መኪና እየደፈነ አስቸገረ፤ ሕዝቡም ለመንግሥት የቅሬታ ደብዳቤ አጎረፈ። (በእኛም አገር ቡና ሲወደድ ገብስ ቆልቶ መቀላቀል ያልታየ ነገር አይደለም፤ ነገር ግን እናቶቻችን ለእንግዳ ሲያቀርቡ ያፍሩበታል።)

ላምበርትስ አዲስ አበባ የመጣው ይህ ችግር እየገፋ ሳለ ነው። በየካቲት 1969 ዓ.ም.፥ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ጄኔራል ተፈሪ በንቲንና ሌሎቹን የደርግ ጓዶቻቸውን አስገድለው ሥልጣኑን ጠቅልለው በያዙ በጥቂት ሳምንት ውስጥ፥ መጥቶ የአገሩን ድጋፍ አረጋገጠላቸው። በሰኔ ደግሞ ተመልሶ ስምምነቱን ፈጸመ፤ ከኢትዮጵያ ቡና ይሄዳል፥ ከጀርመን የጦር መሣሪያ ይመጣል።

እዚህ ላይ ጥቂት መቆም ይገባናል። እኛ የልደታ ተማሪዎች ወደ ሜክሲኮ አደባባይ ስንሄድ ቡና ቦርድ የሚለውን ስም በየቀኑ እንሰማለን። ቡና በዚያን ጊዜ ከአገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ከግማሽ በላይ ያስገኝ ነበር። በሲዳሞና በካፋ ገበሬው የለቀመው ቡና በጠመንጃ ሲመነዘር፥ ለቃሚው በጉዳዩ አልተጠየቀም። ከሁሉ የሚከብደው ግን ጊዜው ነው። ሚያዝያ 21 ቀን 1969 ዓ.ም. ሌሊት በአዲስ አበባ ብዙ መቶ ወጣቶች፥ አብዛኞቹ ተማሪዎች፥ ተገድለዋል። የሰኔው ውል የተፈረመው ከዚህ ሁለት ወር ሳይሞላ ነው። በቢርማን ጉዳይ ሰዓታት ሙሉ የተከራከረው ሰው ስለ ነዚህ ወጣቶች መንግሥቱን በአደባባይ የወቀሰበት ጊዜ የለም።

ለፍርድ ሚዛን እንዲሆን ሌላውንም ወገን እንናገር። በሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ወርሮ ነበርና አገሪቱ መሣሪያ ያስፈልጋት ነበር። ከጥር 1970 ዓ.ም. ጀምሮም ምሥራቅ ጀርመኖች ደርግንና ሕዝባዊ ግንባር ሓርነት ኤርትራን በምሥራቅ በርሊን ለማስታረቅ ሞክረዋል፤ የላምበርትስም እጅ ነበረበት። ይህ ሙከራ ተሳክቶ ቢሆን ኖሮ ስንት ሕይወት በተረፈ ነበር! ነገር ግን ፍሬ ሳያፈራ ቀረ።

የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ሠራዊታችን በካራማራ ድል አደረገ። በማግሥቱ የካቲት 27 ቀን ላምበርትስ ከጋዳፊ ጋር ሊነጋገር በሄደበት በሊቢያ በረሃ ሄሊኮፕተሩ ወድቆ፥ የፓርቲው የውጭ ግንኙነት ኃላፊ ከነበረው ከፓውል ማርኮቭስኪ ጋር ሞተ። ዕድሜው 48 ነበር። ሆን ተብሎ ተገደለ የሚል ወሬ በሰፊው ተነዝቷል፤ ማረጋገጫ ግን አልቀረበበትም።

እንግዲህ ምኞቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሆኔከር በጥቅምት 1982 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርድ 77 ዓመቱ ነበር። ላምበርትስ ቢኖር ኖሮ 60 ይሆነው ነበር፤ ጎርባቾቭን የሚበልጠው በሁለት ዓመት ብቻ ነው። ስለዚህ በእሱ መሪነት የምትስቅ፥ የምትነጋገር፥ ግንቧን በፈቃዷ የምትከፍት ኮሙኒስት ጀርመን በሐሳብ ትሣላለች። እኛ ሥዕሉ አያሳምነንም። ሰውየው የነበረው ችሎታ የጨካኙን ፊት ፈገግ ማድረግ እንጂ ጭካኔውን መተው አልነበረም፤ ያች ሪፐብሊክ ብትፈጠርም ለበርሊን ሠራተኛ መልካም ቡና፥ ለእኛ ደግሞ ያንኑ ጠመንጃ በጥሩ አነጋገር አሽጋ በላከች ነበር።

የቡናው ውል ከእሱ ሞት በኋላ ብዙ አልቆየም። ኢትዮጵያ ለቡናዋ ምንዛሪ ስለ ፈለገች ልውውጡ ቀረ። ጀርመኖቹ ፊታቸውን ወደ ቬትናም አዙረው በዚያ የቡና እርሻ ለማስፋፋት ገንዘብና መኪና አፈሰሱ። ቡና ተተክሎ እስኪያፈራ ዓመታት ይፈጃል፤ የቬትናሙ ምርት በብዛት መድረስ ሲጀምር ገዢዋ ሪፐብሊክ ፈርሳ ነበር።