ጥላሁንና የአባቴ ሬዲዮ

ሐራ የሚለውን ስም ብዙው አዲስ አበቤ የሰማው ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ ይደርሳል ከተባለው የባቡር ሐዲድ ጋር ተያይዞ ነው። እኔ ያደግሁባት ሐራ ግን ባቡር ያልታሰበባት፣ ከወልዲያ ወደ ቆላው ወረድ ያለች፣ በገበያ ቀን ማሽላ የጫኑ አህዮችና የአፋር ግመሎች የሚጋፉባት ከተማ ነበረች። በቤታችን መብራት አልነበረም። አባቴ ግን ሬዲዮ ነበረው። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፤ እሱም አልሆን ሲል በጥርሳችን ነከስ ነከስ እያደረግን እናባብለዋለን።

አባቴ ሬዲዮ የሚከፍተው ለሁለት ነገር ነበር፤ ለዜናና ለጥላሁን ገሠሠ። ከጥላሁን ዘፈኖች ግን አንዱን አይሰማም። ዋይ ዋይ ሲሉ የተባለው ሲጀምር እጁ ሬዲዮኑ ላይ ነው፤ ቀጭ አድርጎ ያጠፋዋል። ልጅ ነበርኩና ድንጋይ ሊቆጥብ ይመስለኝ ነበር።

ስለ ጥላሁን ብዙ ተጽፏል። የብዙዎቹ ጽሑፎች ችግር ድምፁን ማወደስ ይጀምሩና እዚያው ይቀራሉ። ልጁ ግን ወደዚያ የደረሰው በእግሩ ነው። መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወልዶ በአያቱ እጅ ወሊሶ አደገ፤ ራስ ጎበና ትምህርት ቤት ገባ። አያቱ ልጁ ትምህርቱ ላይ እንዲያተኩር ይወተውቱት ነበር። አንድ ቀን የሀገር ፍቅር ቲያትር ባለሙያዎች፣ እነ እዮኤል ዮሐንስና እነ ንጋቷ ከልካይ፣ ትዕይንት ሊያሳዩ ወደ ትምህርት ቤቱ መጡ። ጥላሁን እዮኤልን አግኝቶ የልቡን አጫወተው፤ እዮኤልም አዲስ አበባ እንዲመጣ መከረው። ከዚያ ወዲያ ልጁ ወሊሶ አልተቀመጠለትም። ጠፍቶ በእግሩ ቱሉ ቦሎ ደረሰና ዘመዶቹ መልሰው ላኩት። ሁለተኛው ጊዜ በጭነት መኪና ተጭኖ አዲስ አበባ ገባ። ሀገር ፍቅር ቀጠረው፤ ጥቂት ቆይቶ ክቡር ዘበኛ ወሰደው።

ክቡር ዘበኛ ለዘፋኝ ዝናም መከራም የሚያመጣ ቤት ነበር። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክፍሉ አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ከወንድሙ ከገርማሜ ጋር መፈንቅለ መንግሥት ሞክሮ ሲከሽፍ፣ ጥላሁንም ከታሰሩት አንዱ ሆነ። ሃያ ዓመት ገና መሙላቱ ነበር። ከዚያ በኋላ ብሔራዊ ቲያትር ገባ። በንጉሡ፣ በደርግና በኢሕአዴግ ዘመን፣ በአማርኛም በኦሮምኛም ዘፈነ። ከሦስት መንግሥት ጋር የኖረ ዘፋኝ ሁሉንም ዘፈኑን እንድንወድለት መጠበቅ የለበትም፤ እኔም ሁሉንም አልወድለትም።

ስለ ድምፁ እኔም አንድ ነገር ልበል። ጥላሁን ቃል አይውጥም። የሐራ ሬዲዮ ማታ ማታ ከሚሰማው ዘፈን ይልቅ የሚንሿሿው ይበዛ ነበር። ሌሎች ዘፋኞች ዜማቸው ብቻ ይደርሰናል፤ ግጥሙን እንገምታለን። የጥላሁን ግን እያንዳንዷ ፊደል በጫጫታው መሐል ሰንጥቃ ትመጣለች። አባቴ የጥላሁን ሰው የሆነው በዚህ ይመስለኛል፤ ማንበብ የማይችል ሰው ቃል በጆሮው ጠርቶ ሲገባለት ደስ ይለዋል።

የምናገርበት ዘመን 1983 እና 84 ዓ.ም. ነው። ጥላሁን ሃምሳን ተሻግሯል። በፈረንጆቹ አገር ያኔ ለጎልማሳ አድማጭ የሚሆነው የሬዲዮ ዘፈን የብቻው ደረጃ ሰንጠረዥ ነበረው። ከኅዳር 1985 ዓ.ም. ጀምሮ የዊትኒ ሂውስተን አይ ዊል ኦልዌይስ ላቭ ዩ በአሜሪካው ቢልቦርድ ዋና ሰንጠረዥ 14 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ሲቆይ፣ የጎልማሶቹንም ሰንጠረዥ መርቷል። እኛ ጋ የሚቆጥር አልነበረም። የዘፈን ደረጃ የሚታወቀው ካሴት ቤቱ ደጃፍ በሚጮኸው ስፒከር፣ በአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ምርጫና ለሬዲዮ ጣቢያው በሚላከው ደብዳቤ ነበር። ወጣቱ ከንዋይ ደበበ፣ ከኤፍሬም ታምሩና ከአስቴር አወቀ ጋር ነው። ትዳር የያዘው፣ ልጅ ያሳደገው፣ ሰው የቀበረው ግን የጥላሁን ነበር።

ከእነዚያ ደብዳቤዎች አንዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አምስተኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ አጠገቡ አስቀመጠኝና ሰላምታውን አስጻፈኝ፤ ዘፈኑ የጥላሁን ይሁን፣ ትዝታ ነክ የሆነውን እነሱ ይምረጡ አለ። የሚመረጥላት ታናሽ እህቱ ናት፤ አድራሻ የላትም።

በሰባ ሰባት ድርቅ ጊዜ ነው የተለያዩት። በዚያ ዘመን መንግሥት 600 ሺህ ገደማ ሰው ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቡር፣ ከፋ፣ ጋምቤላና መተከል አሰፈረ፤ ትልቁ ድርሻ ከወሎ ነበር። አክስቴ እህል ልትቀበል ወጥታ ከሰፋሪዎች ጋር ተጫነች። ወደየት እንደተወሰደች የሚነግረን አላገኘንም። አባቴ ታዲያ ሬዲዮ ያለበት አገር ሁሉ ጥላሁን ይሰማል፣ ጥላሁን በሚሰማበት ደግሞ እህቴ ጆሮዋን ትሰጣለች ብሎ አሰበ። ስሟ ከሐራ ስም ጋር ሲጠራ ትሰማለች ነው ነገሩ። ሬዲዮኑን ለምን በዋይ ዋይ እንደሚያጠፋው የገባኝ ያን ደብዳቤ ስጽፍ ነው። ጥላሁን ያን ዘፈን ለረሃብተኛው ነው የዘፈነው፤ ስሙ ከወሎ ረሃብ ጋር ተጣብቆ የቀረውም በሱ ነው። ለሌላው አድማጭ እርዳታ የሚያስወጣ ዘፈን ነበር። አባቴ ግን ከሚዘፈንላቸው መሐል ነበረበት። በ1977 ዓ.ም. ስለኛ ረሃብ የተዘፈኑት የእንግሊዝና የአሜሪካ ዘፈኖችም በየአገራቸው አንደኛ ወጥተዋል። ሐራ እነሱን አልሰማችም፤ ብትሰማም ቋንቋው አይገባትም ነበር።

ደብዳቤውን በፖስታ ላክን። በየሳምንቱ ፕሮግራሙን ጠበቅን። የሌላ ሰው ስም ይነበባል፣ ጥላሁን ይዘፍናል፣ የኛ ስም አይጠራም። አባቴ ተስፋ ሳይቆርጥ ሁለተኛ አስጻፈኝ።

እሱም በመንገድ ላይ ሳለ የ1985 ዓ.ም. ፋሲካ መጣ። ጥላሁን አንገቱ ላይ በስለት ተወግቶ መገኘቱን ሐራ የሰማችው ከአንድ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ገበያው ሁሉ የጠየቀው አንድ ጥያቄ ነበር፤ ድምፁስ? ማን እንዳደረገው ያኔም ኋላም ብዙ ተወርቷል። እሱ ግን ሳይናገር ምስጢሩን ይዞት ሄደ። ታክሞ ዳነ፤ ተመልሶም ዘፈነ። ብዙ ሰው እንደ ድሮው አይደለም ይላል፤ እኔ ልዩነቱን በጆሮዬ ልለይ አልቻልኩም። ምናልባት ከልጅነቴ ጀምሮ በሚንሿሿ ሬዲዮ ስለለመድኩት ይሆናል።

የኋለኞቹ ዓመታት የሕመም ነበሩ። ስኳር አንድ እግሩን አሳጣው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጠው፤ በሚዲያውም ክቡር ዶክተር ተባለ። በሐራ እስከ ዛሬ ጥላሁን ብቻ ነው። ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በዕለተ ፋሲካ ሌሊት፣ በ68 ዓመቱ አዲስ አበባ ውስጥ አረፈ። በቤተ መንግሥት ደረጃ የሚደረገው ዓይነት ሥርዓት ተደርጎለት በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። እኔ ያኔ አዲስ አበባ ሥራ ይዤ ነበርና ወጣሁ። ሕዝቡ ከመብዛቱ የተነሣ አስከሬኑን አላየሁም፤ ያየሁት ከፊቴ የቆሙትን ሰዎች ጀርባ ነው።

በቀብሩ ማግሥት ቤት ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው እናቴ ናት። ሬዲዮኑ ሰሞኑን ሙሉ ከጥላሁን ሌላ ነገር እንዳላሰማ ነገረችኝ። አባቴ ስለ አክስቴ ከ1985ቱ ደብዳቤ ወዲህ አንድም ቀን አንስቶ አያውቅም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ዋይ ዋይ ሲሉን ተጫውተውት እንደሆነ ግን እናቴን ጠየቅኋት። ተጫውተውታል። አባትህ እንደ ልማዱ አጠፋው አለችኝ። ከዚያም ደጅ ወጥቶ ቆመ፤ ዘፈኑ የሚያልቅበትን ልክ ያውቀዋልና በሰዓቱ ተመልሶ ገብቶ ከፈተው።