የጉድጓድን ምስጢር በኤሌክትሪክ ያነበበው ኮንራድ ሽሉምበርዤ

የነዳጅ ዘይት ጉድጓድ የሚቆፍሩ ሰዎችን ከሁሉ አብልጦ የሚያስጨንቃቸው አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም መሰርሰሪያው ካለፈባቸው የዐለት ንብርብሮች መካከል ዘይት የቋጠረው የትኛው ነው የሚለው ነው። ጉድጓዱ ጠባብ፣ ጨለማና በጭቃ የተሞላ በመሆኑ ዓይን አያየውም። ለዚህ ጥያቄ አስተማማኝ መልስ ያስገኘውን የፈረንሳዊውን ሊቅ የኮንራድ ሽሉምበርዤን የሕይወት ታሪክ ከዚህ በታች ባጭሩ እናቀርባለን። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኮንራድ ጥቅምት 2 ቀን 1878 በአልዛስ ክፍለ ሀገር፣ ጌብዊለር በተባለች ከተማ ተወለደ። አልዛስ ከ1870-71ቱ ጦርነት በኋላ በጀርመን እጅ የወደቀች ነበረች። ቤተሰቡ በጨርቃ ጨርቅ ኢንዱስትሪ የታወቀ ነበር። ኮንራድ በፓሪስ ኤኮል ፖሊቴክኒክ፣ ቀጥሎም በማዕድን ትምህርት ቤት ተምሮ መሐንዲስ ከሆነ በኋላ፣ ከ1907 ጀምሮ በዚያው በማዕድን ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተማረ።

በዚያ ዘመን ማዕድን መፈለግ ማለት በአብዛኛው መቆፈርና ዕድልን መጠበቅ ነበር። ኮንራድ ግን ዐለቶች ኤሌክትሪክን የሚያሳልፉበት መጠን ልዩ ልዩ በመሆኑ፣ መሬቱን ሳይቆፍሩ ውስጡን ማወቅ ይቻላል ብሎ ተነሣ። ሐሳቡን በመጀመሪያ የፈተነው አሸዋ በሞላበት የመዳብ መታጠቢያ ገንዳ ነበር። በ1912 በኖርማንዲ፣ ቫል ሪሼ በተባለ ሥፍራ፣ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ልኮ የመጀመሪያውን ካርታ አነሣ። በ1913 ደግሞ በሰርቢያ፣ ቦር በተባለው ሥፍራ በዘዴው የመዳብ ማዕድን ሊያመለክት ቻለ።

ሥራው ገና ፍሬ ማሳየት ሲጀምር የአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። ኮንራድም በመድፈኛ መኮንንነት ዘመተ፤ ምርምሩም ተቋረጠ። ጦርነቱ ሲያበቃ ከወንድሙ ከማርሴል ጋር ሥራውን እንደገና ጀመረ። ኮንራድ የፊዚክስ ሰው ሲሆን ማርሴል መሣሪያ የመሥራት ተሰጥዎ የነበረው መሐንዲስ ነበር። አባታቸው ፖል በ1919 ለልጆቹ ምርምር አምስት መቶ ሺህ ፍራንክ ለመስጠት ተዋዋለ። በውሉ ላይ ያሰፈረው ቃል ከገንዘብ ጥቅም ይልቅ ለሳይንስ ጥቅም ቅድሚያ እንዲሰጥ የሚያስገነዝብ ነበር። ወንድማማቾቹ በ1923 በሩማንያ፣ አሪቼሽቲ ላይ ዘይት የሚገኝበትን የጨው ጉልላት በካርታ አሳዩ፤ በ1926 ደግሞ የራሳቸውን ኩባንያ አቋቋሙ።

ታላቁ እርምጃ የተወሰደው በ1927 ነው። እስከዚያ ድረስ በጉድጓድ ውስጥ ያለውን ዐለት ለማወቅ የድንጋይ ናሙና ቆርጦ ማውጣት ግድ ነበር፤ ይህም ጊዜና ገንዘብ ይፈጃል፤ ናሙናውም ብዙ ጊዜ ተሰባብሮ ይወጣል። ኤሌክትሮዶቹን ከመሬት ላይ አንሥቶ ወደ ጉድጓዱ ማውረድ የሚለው መፍትሔ የተፈተነው በአልዛስ፣ ፔሸልብሮን በሚገኘው የዘይት ሜዳ ነበር። መስከረም 5 ቀን 1927 የኮንራድ አማች ኢንጂኒየር ሄንሪ ዶል ከረዳቶቹ ጋር መሣሪያውን በገመድ ወደ ጉድጓድ አወረደ። በየአንዳንዱ ሜትር እየቆሙ ለኩ፤ ውጤቱንም በእጅ መዝግበው በወረቀት ላይ መስመር አድርገው ሳሉት። ጨዋማ ውኃ የያዘ ዐለት ኤሌክትሪክን በቀላሉ ያሳልፋል፤ ዘይት የያዘው ግን ይከለክላል። በዚህም መስመሩ ከፍ ዝቅ እያለ የማይታየውን ንብርብር ማሳወቅ ቻለ።

ዘዴው በ1929 ወደ ቬኔዙዌላ፣ ወደ አሜሪካና ወደ ሶቪዬት ኅብረት ተሻገረ። በዓለም ላይ የኤኮኖሚ ድቀት በደረሰ ጊዜ በባኩና በግሮዝኒ የነበረው ሥራ ለኩባንያው ብርቱ ድጋፍ ሆነለት። ኮንራድም ከሶቪዬት ኅብረት ሲመለስ ግንቦት 9 ቀን 1936 በስቶክሆልም በ57 ዓመቱ አረፈ። ማርሴል ሥራውን እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 1953 መራው።

በኮንራድ ዘመን የኤሌክትሪኩ ምንጭ ከላይ፣ ከጉድጓዱ አፍ ቀርቶ ኃይሉ በገመድ ይወርድ ነበር። ዛሬ ግን ቁፋሮው ሳይቋረጥ የሚለኩ መሣሪያዎች ስላሉ፣ ገመድ በማይደርስበት ሥፍራ ባትሪው ራሱ አብሮ ይወርዳል፤ ወይም የሚፈሰው ጭቃ ተርባይን ያሽከረክራል። ጥልቀቱ በአንድ ኪሎ ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአብዛኛው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ስለሚጨምር፣ እኛ በእጅ ባትሪና በራዲዮ የምንጠቀምበት የባትሪ ድንጋይ እዚያ አይበረክትም። ስለዚህ ከሊቲየምና ከቲዮኒል ክሎራይድ የተሠሩ ባትሪዎች ይመረጣሉ። እነርሱም ወሰን አላቸው፤ ሊቲየም በ180 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀልጥ ከዚያ በላይ ባትሪው ሊፈነዳ ይችላል። ለበለጠ ሙቀት ሊቲየሙን ከማግኒዥየም ጋር ያቀላቅሉታል። ባትሪው ከጉድጓዱ ውስጥ ቢያልቅ መሣሪያው ዕውር ይሆናል፤ የሠራተኞቹም የቀናት ድካም ከንቱ ይቀራል።

ከኮንራድ ሕይወት የምንረዳው፣ ታላቅ ሥራ በአንድ ገንዳ አሸዋ ሊጀመር እንደሚችል ነው። ጦርነት ቢያቋርጠውም ሥራውን አልተወውም፤ በመጀመሪያው ውጤትም ረክቶ አልተቀመጠም። ስለዚህ ሰውዬው ካለፈ ዘመናት ቢቆጠሩም፣ ዛሬም መሣሪያ ወደ ጉድጓድ በወረደ ቁጥር እርሱ የጀመረው ንባብ ይቀጥላል።